የሚስተር ኦስበርት ሙገሳ

በዚያች የዮርክሻየር መንደር ሚስተር ኦስበርት ትዌይትን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረው የሚገባው ሰው ግን አልነበረም። ዕድሜውን ለኢንሹራንስ ጉዳት ሲገምት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንግሊዞች ራሳቸው ቀብረው የረሷቸውን ቃላት እየቆፈረ ማውጣት ያዘ። ሰው ሲበላ «ይደርሰኝ ይሆን» እያለ አፍ አፉን የሚያየውን የጎረቤት ውሻ «ግሮክ ያደርጋል» ይለዋል። አጥር ሊጠግን መጥቶ መዶሻ ይዞ የሚንጎራደደውን አናጢ ደግሞ «አቤት ስትፈጅል!» አለው፤ የሚሠራ እየመሰለ ቀኑን የሚገድል ማለት ነው። አናጢው አመስግኖት ሄደ። ኦስበርት ለሳምንት ያህል ብቻውን ሲስቅ ሰነበተ።

በበጋው የአበባ ትርኢት የምስጋናው ንግግር ለእሱ ተሰጠ። ሰሌዳዎቹን ሁሉ በሚያምር የብሩሽ ጽሕፈት የጻፈችው ባሏ የሞተባት ሙሪየል ነበረች። ኦስበርት ተራ ምስጋና ያንሰኛል አለ። ከአንድ መዝገበ ቃላት ላይ በጨረፍታ ያየው አንድ ቃል ትዝ አለው፤ አጀማመሩ ውብ የእጅ ጽሕፈት የሚባልበትን «ካሊግራፊ» ስለሚመስል ትርጉሙን ማየት አላስፈለገውም። ሊቅ ምን ያያል!

ማይክሮፎኑን ጨበጠ። «ሙሪየል ካሊፒጂያን ናት! እኔ በበኩሌ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ከኋላዋ ቆሜ ስንት ሰዓት አድንቄያለሁ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ክላይቭ ግን ስልኩን አውጥቶ ነካካና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ካሊፒጂያን፦ መቀመጫዋ ያማረ ሴት።»

ቄሱ የጎረሱት ኬክ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ።

«ሚስተር ትዌይት፣ እንዲህ ሊሉ ፈልገው ነው?» አለ ክላይቭ ሳቁን አፍኖ።

የኦስበርት ፊት ፍም መሰለ። «አላወቅሁም» ማለት ይችል ነበር። ይህችን ቃል ግን ከጥንቶቹ ሁሉ ይበልጥ ረስቷታል።

«የምናገረውን አውቃለሁ!» አለ።

ሙሪየል ባርኔጣዋን አስተካክላ ወደ መድረኩ ቀረበች።

«ከልብዎ ነው?»

«እኔ በቃል ተሳስቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም። እሱም በሕይወት እያለ አላለኝም። ሐሙስ ሻይ እንጠጣ፤ እንዳይቀሩ።»

ክብሩን ለማስጠበቅ ሄደ። በሚቀጥለው ሐሙስ ለኬኩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚሄድ መጠየቁን ተወ፤ ረቡዕ ማታ ጫማውን ሲወለውል ግን ራሱን ያገኘዋል። በጸደይ ተጋቡ። አንዲት ስሕተት ከማመን ትዳር የቀለለው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ሙሪየል ሳህን እያጠበች «የእጅ ጽሕፈቴን ልታሞግስ ነበር አይደል?» አለችው።

«ምን ሲደረግ!»

«ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ ጆሮህ ሳይቀር ቀልቶ ነበር።»

ኦስበርት ፎጣውን አንሥቶ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመረ። የመጨረሻዋን ሳህን አስቀመጠና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጽሕፈትሽም ደህና ነው» አላት።