በሣጥኑ ውስጥ የቀረው ፊልም

ባለቤቴ የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ የራሱን አንድ እንኳ ሳያስነሳ ሞተ። ልጃችን ያኔ ትንሽ ነበረች። አሁን አድጋ፣ «እማ፣ ሳቁ ይሰማኛል፤ ፊቱ ግን ጠፋብኝ» ትለኛለች።

የተወልን አንድ አሮጌ የሣጥን ካሜራ ነው። ባለፈው እሑድ ልጄ አቧራውን ስትጠርግ፣ ከጀርባው ባለችው ትንሽ ቀይ መስኮት አጮልቃ አየች።

«እማ፣ ውስጡ ፊልም አለ!»

«እንዳትከፍቺው! ብርሃን ካገኘው አለቀለት!»

«ኧረ አልከፍተውም፣ አትጩሂብኝ። አንድ ቀን እኮ አባዬ ካሜራውን አስይዞኝ፣ ራሱ በር ላይ ቆሞ "በይ ጫኚው" ብሎኛል። እዚህ ውስጥ ቢኖርስ?»

የቀረውን አንስተን ልንጨርስና ልናሳጥበው ተስማማን።

ልጄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከበሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በሩን ዝጊው እማ፣ ከኋላዬ ጨለማ ነው።»

«ድስቱ ቢያርብኝስ? ከዚህ ሆኜ ልየው።»

«አንቺና ድስትሽ!»

ካሜራውን ሆዴ ላይ አስደግፌ፣ ስንተኛው ፎቶ ላይ እንዳለን ለማወቅ ቀይዋን መስኮት አየሁ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ቁጥር ሁሉ ሳላነብ አላልፍም፤ የአውቶቡሱንም፣ የሰው በር ላይ ያለውንም። «አምስት!» አልኩ ኮራ ብዬ። ከላይ ባለው መስታወት ልጄ ትንሽዬ ሆና ውሃ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። ነፋሱ ቀሚሷን ሲያነሳው ከወንበሩ ጋር የምትንሳፈፍ መሰለኝ።

«በይ ጫኚው» አለችኝ፣ ልክ እንደ አባቷ።

ጫንኩት። ቀጭ አለ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ባለቤቴ ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ቁጥር የሚያዞረው ካነሳ በኋላ ሳይሆን ሊያነሳ ሲል ነበር። «ምን አስቸኮለኝ» ይል ነበር።

«አባትሽን ካነሳሽው በኋላ ካሜራውን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። ወዲያው ታመመ እኮ። ምነው?»

አምስት ቁጥር እሱ ነበር። ሳላዞር በላዩ ላይ ሌላ ፎቶ ደገምኩበት። ብነግራት ልጄ ፊቷን አዞረች፤ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፊልሙን ያጠበልን ሽማግሌ የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ ነው። ሲቀበለን፣ «እትዬ፣ ይህ ፊልም ጊዜው ያለፈው ልጅዎ ጥርሷን ስትነቅል ነው። ተስፋ አያብዙ» አለኝ። ልንወስደው ስንመለስ ግን ከጨለማ ክፍሉ ወጣና አንዲት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልን።

«ሌሎቹ ጉም ብቻ ናቸው። ይህቺን ግን እዩዋት።»

ግቢያችን ገና ሳይነጋ የታየ ሕልም መስሏል። ልጄ ወንበሯ ላይ ናት። ከራሷ በላይ ግን፣ በጨለማው በር ውስጥ፣ የባለቤቴ ፊት ይስቃል። ደረቱንና እጆቹን ነጩ ቀሚሷ ውጧቸዋል።

«ጨለማው ላይ አዲስ ብርሃን ስላልወደቀ የድሮው ሳይጠፋ ቀረ» አለ ሽማግሌው። «በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ የመታው ሳንቃ ያጠፋው ነበር።»

ልጄ ፎቶዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ጣቷን ፊቱ አጠገብ አድርጋ፣ እንዳትነካው ፈርታ መለሰችው።

«ሲስቅ አንድ ዓይኑ ይጨፈናል ለካ» አለች። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞር አለች። «ድስቱ ግን አርሮ ነበር አይደል?»

«ከሰል ሆኖ ነበር» አልኳት።