ከራስ ወደ ጅራት

የዚህች መንደር ሰው ቤት የሚሠራው እየሸሸ ነው። ፈሪ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ አቀማመጧ ነው የሚያስገድደው። በአንድ በኩል ዶማ የማይበሳው ጥቁር ቋጥኝ ተገትሯል። በሌላው በኩል ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከርሞ የተቆጣ ቀን ግመል ከነጭነቱ የሚወስድ ወንዝ አለ። በሁለቱ መካከል ያለችው መሬት ስፋቷ የአንድ ቤትና የአንድ መንገድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል። ነፋሱ ደግሞ ከምሥራቅ አሸዋ እየገፋ ይመጣል። አሸዋው አይቸኩልም። ለምነውታል፣ ረግመውታል፣ አጥር አጥረውበታል፤ እሱ እንደሆነ ከመንገዱ ወይ ፍንክች።

ስለዚህ መላ ተበጀ። አሸዋው ደጃፉ የደረሰበት ቤተሰብ በሩን፣ መስኮቱንና የጣሪያውን እንጨት ነቅሎ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድና እዚያ ይሠራል። አሸዋ ያለበትን ጫፍ ራስ፣ ሌላውን ጅራት ይሉታል። እዚህ ራስ የሆነ ሁሉ ተራው ሲደርስ ጅራት ይሆናል፤ ሹማምንት ሁሉ መጥተው ቢማሩባት መልካም ነበር። የሚገርመው ግን ጎረቤት አለመለወጡ ነው። አንተ ነቅለህ ትሄዳለህ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጎንህ ሰው ተከትሎህ ይመጣና እዚያው ጎንህ ይሠራል። ብትወደውም ብትጠላውም እስከ መቃብር ያንተው ነው።

መቀስን ያንገበገባት ይኸው ነበር።

መቀስ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ይሁን ከምላሷ መንደሩ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አሁን ራስ እሷ ናት፤ ጠዋት በሩን ስትከፍት አሸዋው ሳይጠሩት ይገባል፣ የስፌት መኪናዋ ሳይቀር እየተንኮሻኮሸ ነው የሚሰፋው። ቀድሟት ጅራት ላይ የሠራው ጎረቤቷ ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ግንበኛ ነው፤ ጭቃ ሹም ይሉታል፤ ሹመቱ ግን ከጭቃ በቀር በማንም ላይ አይሠራም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? እነሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖረዋል።

ነገሩ በልጇ የመጣ ነው። አንድ ልጇ ከተማ ሄጄ መካኒክ ልሁን ቢላት፣ በሞቴ ብላ ከለከለችው። አጎቱ ግን ሻንጣውን በአህያው ጭኖ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘው። ይህን ስትሰማ ሄዳ የወንድሟ በር ላይ ቆመች። መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ "ልጄን ከጉያዬ ነጠቅኸኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዐይንህን ለአሸዋ!" አለችው። ሌላው አገር ለአፈር ነው የሚባለው፤ እሷ ባለው ተጠቀመች። ወንድሟ ቃል አልመለሰላትም። በዚያው ዓመት አሸዋው ደረሰበትና ነቅሎ ሄደ፤ እሷም ተገላገልኩ አለች።

አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ልጇ ደግሞ ከተማ ተመችቶታል፤ "እማዬ፣ አንድ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ነይ" እያለ በየጊዜው ይደውላል። ከተማ አትወድም። ከሰው ፎቅ ሥር ቁጭ ብላ የማታውቀውን ሰው ሱሪ ስታሳጥር ይታያታል። ቢሆንም ከዚያ ሰውዬ ጋር ግድግዳ ከመጋራት ይሻላል ብላ ቆረጠች።

ከጎኗ ያለችው የመንታ እናት ይህን ስትሰማ አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን ታቅፋ መጣች።

"እውነት ልትሄጂ ነው?"

"ታዲያ እዚያ ሄጄ ከሱ ጋር ጉርብትና ልጀምር?"

"አንቺ ከሄድሽ እኔ ማንን ተከትዬ ልሠራ ነው? ባሌ እንደሆነ ከተማ ከተማ ማለት ከጀመረ ቆየ። የሚፈልገው ሰበብ ነው።"

"እኔን ሰበብ እንዳታደርጉኝ!"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ያውቀዋል። ድሮ ረድፉ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ይደርስ ነበር። ኋላ ግን ከራስ የሚነቀለው አብዛኛው ጅራቱን አልፎ በዚያው ወደ ከተማ እየነጎደ፣ ረድፉ በግማሽ አጠረ። አንዱ ሲሄድ ቀጥሎ ያለውም ልቡ አብሮ ይሄዳል።

ሸቀጥ የሚያመጣው መኪና በመጣ ቀን ዕቃዋን ጫነች። መንገዱ በየቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው ዶማውን ትቶ ቆመ፤ አስተማሪዋ ተማሪዎቿን ይዛ ወጣች፤ ማንም ደህና ሁኚ ያላት የለም። መቀስ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አለፈቻቸው። የመጨረሻው ቤት ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

"ሞተሩ ግሏል። ከጭቃ ሹም ትንሽ ውሃ ልለምን።"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ከዚህ ወዲያ ያለው እባብ ብቻ ነው፣ እናቴ።"

ላታይ ምላ ነበር። ነገር ግን የግንበኛ ልጅ ሆና ግድግዳ ፊቷ ቆሞ እንዴት አታይም? አባታቸው ሁለቱንም ጭቃ እያስቦኩ ነው ያሳደጓቸው። ግድግዳው የሚያበቃ ከሆነ ጫፉ ይለሰናል፤ የሚቀጥል ከሆነ ግን አንዱ ጡብ ወጣ፣ አንዱ ገባ እያለ ይቀራል፤ የሚመጣው ግድግዳ እንዲቆላለፍበት ነው። አባታቸው ይህን "ጥርስ" ይሉት ነበር። የዛሬ ሰው ጎረቤቱ ይከተለው አይከተለው ስለማያውቅ፣ ሁሉም ጫፉን ለስኖ ይዘጋል። የጭቃ ሹም ግድግዳ ግን ከታች እስከ ላይ ጥርስ ነው። ከላዩ ዝናብ እንዳይበላው ቆርቆሮ አልብሶታል። ከታች ያሉት ሁለት ጡቦች ደግሞ መልካቸው ከሌላው ይለያል፤ በቅርቡ የተለወጡ ናቸው።

መቀስ ከመኪናው ወረደች። ወንድሟ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው።

"ግድግዳ ነው።"

"ግድግዳ መሆኑንማ አያለሁ። ለምን አልለሰንከውም?"

"አላለቀማ።"

"በስድስት ዓመት?"

"አሸዋው ነው የዘገየው፣ እታለም። እኔማ ዝግጁ ነበርኩ።"

እታለም ካላት ስድስት ዓመቱ ነው። ፊቷን እንዳያይ ወደ ጡቦቹ ጎንበስ አለች።

"እነዚህ አዲስ ናቸው።"

"ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይበላቸዋል፤ እኔም እለውጣለሁ።"

"ብቀርስ ኖሮ? ይኸው፣ ልጄ ዘንድ እየሄድኩ አይደል?"

"ሂጂ፤ ልጅሽ ነው። እኔ ግን አልለስነውም።"

"ያኔ ስሰድብህ አንድ ቃል እንኳ አልመለስክልኝም።"

"ምን ልበል? ልጁ መሄዱ ደግ ነው፣ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ሳልነግርሽ መውሰዴ ግን ጥፋት ነው። በደሌን ይዤ ምን አፍ አለኝ?"

መቀስ አለቀሰች። ስታለቅስ አይታት የማታውቅ መንደር ዛሬም አመለጣት፤ ከወንድሟና ባልዲ ይዞ ከተገተረው ሾፌር በቀር ማንም አላያትም። ሲወጣላት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረመረች።

"ይሄኛው ጡብ ጠማማ ነው" አለች።

"የቱ?"

"ይሄ፣ ከመካከል ያለው። እኔ ቤት ጠማማ ጡብ አይገባም። ንቀልና አስተካክል።"

ጭቃ ሹም ጡቡን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ዶማውን ሊያመጣ ሮጠ፤ በሃምሳ ዓመቱ እንደ ልጅ ሮጠ።

"እንሂድ ወይስ?" አለ ሾፌሩ።

"ዕቃዬን አውርድልኝና አንተ ሂድ" አለችው መቀስ፣ እጅጌዋን እየጠቀለለች። "ለልጄ እናትህ ቤት ልትሠራ ነው በለው። ሲመቸው መጥቶ ጭቃ ያቡካ።"