የወለተጻድቅ እንባ

ወለተጻድቅ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ጎን ለጎን የሚነግደው ሁሉ በንጥሻ ሲታመስ እሷ እቴ! በርበሬውን በእጇ እየዛቀች ትሰፍርና፣ «በርበሬ ነው እንጂ ጥይት መሰላችሁ እንዴ?» እያለች ትስቅባቸዋለች። ታዲያ በዚያ ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ግራ ዓይኗ እንባ ማውረድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ቀኙ ተከተለ። አላዘነች፣ ከሰው አልተጣላች፤ እንባው ግን ዝም ብሎ ይወርዳል።

ለመታመም እንኳ ቀን ይመረጣል! አንድያ ልጇ አምሐ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን ቁስለኞች እየተመለሱ ነው የሚል ወሬ ስለሰማች፣ ከገበያ መልስ ፌርማታው ላይ ቆማ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ወጣት ሁሉ ስታይ ታመሻለች። አሁን ግን የሰው ፊት በእንባዋ ውስጥ ይዋኝባታል። «ልጄ ከፊቴ ቢያልፍ እንዴት አድርጌ ልለየው? ከስቶ፣ ጠቁሮ ይሆናል እኮ!» ትላለች። ሌላ ጭንቀት አልነበራትም፤ ዓይኗን የፈለገችው ለእሱ ነው።

መድኃኒት የማያውቅ ጎረቤት መቼም የለም። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችባት። አንዷ «ኧረ የሰው ዓይን ነው!» አለች። አራሷ ብርቱካን፣ «የጡት ወተት ፍቱን ነው» ብላ አጋድማ ጠብ አደረገችላት። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄዳ ጠበል ተጠመቀች። እንባው ወይ ፍንክች!

ይህስ ይሁን፤ የባሰ ግራ ያጋባት የሰዉ ነገር ነው። ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ተብሎ ተሰልፋ ሳለ፣ ከፊቷ ያሉት ዞር ብለው አዩዋትና አንድ በአንድ ገለል አሉላት። በዚያ ዘመን ለስኳር ወረፋውን የሚለቅ ሰው! ሻጩ ቡልቻ፣ ያ በትንሽ በትልቁ የሚጮኸው፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሰፍሮ፣ «እግዜር ይርዳዎት እትዬ» አላት። ስኳሯን ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። «ለዓይን ሕመም ይህን ያህል የሚታዘን ከሆነ፣ ምነው ባለፈው ዓመት ወገቤን ሲያመኝ የት ነበሩ?» አለች ለራሷ።

ማታ ደግሞ ጎረቤቷ ሰብሌ ወጥ በድስት ይዛላት መጣች። በማግስቱም ደገመች። ወለተጻድቅ፣ «አንቺ ልጅ፣ እጄ አልተቆረጠ፤ ዓይኔን እኮ ነው ያመመኝ!» ብትላት፣ ሰብሌ ፊቷን አዞረች።

አንድ እሑድ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረአምላክ መጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ብዙ የሚያወሩ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏት።

«ከፋሲካ ወዲህ። ሌቱንም ሲወርድ ያድራል።»

ተነስተው ወጡ። ከአጥሩ ውጭ ሰብሌን ሲቆጧት ሰማች፦ «አንቺ ነሽ የነገርሻት! አፍሽን ያዥ ብዬሽ አልነበረም?»

«ማርያምን፣ ጋሼ! ከአፌ አልወጣም!»

ወለተጻድቅ ብቅ ብላ፣ «ምኑን ነው?» ስትል ጋሽ ገብረአምላክ ባርኔጣቸውን ደፍተው መንገድ ጀመሩ። ሰብሌ ሹልክ ብላ ቤቷ ገባች።

ወለተጻድቅ ቁጭ ብላ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ አመሸች። ወረፋው፣ ወጡ፣ ሹክሹክታው። ኋላ ሁሉም የገባት መሰላት። «ዓይኔ ሊጠፋ ነው! ሁሉም አውቀዋል፤ ከእኔ ደብቀውኛል!» ደረቷን ደቃች። አምሐን ሳታየው ልትታወር? ሲነጋ ለማንም ሳትናገር ቤቴል ወደሚገኝ ክሊኒክ ገሰገሰች።

ወዬሳ የሚባል ድሬሰር መስኮት አጠገብ አስቀምጧት የዓይኗን ቆብ በክብሪት እንጨት ገለበጠው። «አሃ! እናቴ፣ የቆየ የዓይን ማዝ አለብዎት። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ስቦት፣ ሽፋሽፍቱ ብሌንዎን ይፍቃል። እሱን ለማጠብ ነው ዓይንዎ የሚያነባው።»

«ምች አይደለም?»

«አይደለም።»

«ይጠፋል ወይ? እውነቱን ንገረኝ፣ ጎረቤቶቼ እንዳደረጉኝ አትደብቀኝ።»

«ካልተዘናጉ አይጠፋም። አሁን ልንቀልልዎት። ተመልሶ ስለሚበቅል ግን ሆስፒታል ሄደው ቆቡን በኦፕራሲዮን ያስተካክሉት።»

በወረንጦ ነቀለላት፣ ቅባት ቀባት፣ ጥቂት አስቀመጣት። እንባው ቆመ። ከክሊኒኩ ስትወጣ ዓለም ታጥባ የተሰጣች ትመስል ነበር። መንገዱን ሙሉ የሰው ፊት እያየች፣ የማታውቀውን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እያለች መጣች። ዛሬ ማታ ፌርማታው ላይ ትቆማለች፤ ይምጣ ብቻ!

ሰፈሯ ስትደርስ ድንኳን አየች። ከእሷና ከብርቱካን ደጅ መሃል ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «ወይኔ፣ የብርቱካን ልጅ!» ብላ ሮጠች። ብርቱካን ግን ሕፃኗን ታቅፋ እዚያው ቆማለች። ወለተጻድቅ ግራ ተጋብታ ፊት ለፊት ወደ ጋሽ ገብረአምላክ ሄደች።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ? እኔ ድኜ መጣሁ እኮ! ሽፋሽፍት ነው አሉኝ፤ ነቅለውልኛል። ይኸው፣ ጠብ አይልም!»

ጋሽ ገብረአምላክ ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሽፋሽፍት?» አሉ። «ሽፋሽፍት ነው ያልሽኝ?»

ሰብሌ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወንድምሽ ከጎጃም እስኪደርስ፣ በወጉ እስክናረዳሽ ብለን ደብቀንሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ መጥቶ ነው የነገረን። እንባሽን ስናይ ጊዜ ሰምታለች፣ ብቻዋን ማልቀሷ ነውር ነው ብለን ድንኳን ጣልን።»

«አምሐ?» አለች።

መልስ የሰጣት የሴቶቹ ጩኸት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ቡልቻ እንኳ የድንኳኑን ቋሚ ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። ወለተጻድቅ ብቻ በመሃል ቆማ፣ የእያንዳንዱን ፊት አጥርታ እያየች፣ ደረቅ ዓይኗን በጣቷ ደጋግማ ትነካለች። ሰብሌ እቅፍ አድርጋ፣ «አልቅሱ እትዬ፣ ይውጣልዎት» አለቻት።

«እምቢ አለኝ» አለች። ከዚያ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ሰብሌ፣ እናትሽ ትሙት፣ ቤቴል ሮጠሽ ያንን ሰውዬ ጥሪልኝ። የነቀለውን ይመልስልኝ።»