ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ፊት

ዓባይነህ ሞትን አይፈራም፤ የሚፈራው መጥፎ ፎቶ ነው። ይህ ፍርሃት የያዘው ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ የጓደኛው የንጉሴ ለቅሶ ላይ ነው። ንጉሴ በሕይወቱ ሳይስቅ የዋለበት ቀን የለም። ቤተሰቡ ግን በድንጋጤ ሌላ ፎቶ ሲያጣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለችውን አሳድጎ አዳራሹ መግቢያ ላይ አቆማት። ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ በሌብነት የተያዘ ሰው መስሏል። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ገባችና ፎቶውን ስታይ ለቅሶ የተሳሳተች መስሏት ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ዓባይነህ ሳቁን ለመዋጥ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። እዚያው ቆሞም ወሰነ፤ ለገዛ ለቅሶው የሚሆነውን ፎቶ በራሱ ካሜራ፣ በራሱ ምርጫ፣ በቁሙ ይነሳል።

ቦታ ለመምረጥ አልተቸገረም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር የድሮ ወፍጮ ቤት ፍርስራሽ አለ። ጣሪያው መቼ እንደወደቀ የሚያውቅ የለም፤ መስኮቱ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ ዛፍ በቅሏል። የድንጋይ ግድግዳው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ዓባይነህ ከፓርኪንግ ሥራው ጡረታ ወጥቶ ካሜራ ከገዛ ወዲህ ይህን ግድግዳ በበረዶም በፀሐይም እየተመላለሰ ሲያነሳው ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ እንዴት ለስለስ ብሎ እንደሚገባ ያውቃል። ሙያውን ከሱ በላይ የሚያደንቅለትም ሰው የለም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለና ሐሳቡን ለሚስቱ ለየምስራች ነገራት።

የምስራች የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። «በአፍህ አታሟርት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ባለፈው ዊንተር የልብህን ደም ሥር የሚከፍተውን ስቴንት ሲያስገቡልህ ዌይቲንግ ሩም ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የለቅሶህን ፎቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ከሱ ጋር ልኑር?»

«ዶክተሩ አንደኛ ነህ ብሎኛል።»

«አንደኛ ከሆንክ ታዲያ ምን አስቸኮለህ?»

ዓባይነህ ስልኩን አነሳ። ፌርፋክስ ለምትኖረው ልጁ ለሃኒ ደውሎ ቢያማክራት «ዳዲ፣ ኖ ዌይ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ብቻውን ሄደ። ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አቁሞ፣ ታይመሩን ሞልቶ ወደ ግድግዳው ሮጠ፤ ያ ሩጫ ይባል እንደሆነ ነው እንጂ፣ ጉልበቱ እሺ አይለውም። የወጣው ፎቶ ጀርባውንና የአንድ እግሩን ጫማ ሶል ያሳያል። ሌላው ላይ ደግሞ አንድ እጁ አየር ላይ ነው፣ አፉም ተከፍቷል። በዚህ ከሚለቀስለት የንጉሴ መንጃ ፈቃድ ይሻላል።

ሳምንቱን ሙሉ የምስራችን ሲለምን፣ እሷም ስታኮርፍ ሰነበቱ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከረባቱን ሲያስር፣ ካፖርቷን ደርባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጫካ ውስጥ ወድቀህ ከምትቀርብኝ ብዬ ነው» አለች።

ዓባይነህ አሸነፍኩ አለ በልቡ። መንገዱን ሁሉ በሙሉ ልብስ ቅጠል እየረገጠ፣ ከፊት ከፊት እየመራ ስለ ብርሃን አስተማራት። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ፈረንጆች ሰላም ሲሉት እንደ ሚኒስትር አንገቱን ነቀነቀላቸው።

የምስራች ፍርስራሹን ዞራ አየችው። «ይሄ ነው? ሰው ቤቱ ፊት ቆሞ ይነሳል እንጂ የፈረሰ ፊት?»

«ያልፈረሰውን እዪዋ! ጣሪያው ሄዶ፣ በሩ ሄዶ፣ ግድግዳው ዘመም እንኳ አላለም። እኔም ከነስቴንቴ እንደዚሁ ነኝ» አላት፤ ከልቡም ያምን ነበር።

ካሜራውን አስተካክሎ አስረዳት። ቁልፏን መጫን ብቻ ነው። እጇ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው ታይመሩ ሥራውን ይሠራል፤ ቀይ መብራቷ ጥቂት ብልጭ ብልጭ ትልና ከዚያ ካሜራው ያነሳል። ይህን ብሎ ሄዶ ከባዶው መስኮት ስር ቆመ። ደረቱን ነፋ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ለቀስተኛው ሁሉ «እንዲህ ያለ ሰው ይሙት?» እንዲል አድርጎ ፈገግ አለ።

የምስራች ጎንበስ ብላ በካሜራው አየችው። አልተጫነችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ብርሃኑ ሄደ እኮ!»

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዓባይነህ ያኔ ገባው። ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ብቻውን የቆመ፣ የማይነቃነቅ ባሏን ነው ያየችው። ለካ ያን ፎቶ ዕድሜ ልኳን ስታየው የምትኖረው እሷ ነች። ይህን አንድ ጊዜም አላሰበውምና አፈረ።

«ተይው በቃ የምስሬ፣ እንሂድ» አለ።

«ቁም እዚያው!» አለችና ቁልፏን ተጫነች።

ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ስትጀምር የምስራች ካሜራው ኋላ አልቆየችም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ድንጋዩን እየተሻገረች፣ ቀጥ ብላ ወደሱ መጣች።

«ኧረ ውጪ! ፎቶው ውስጥ ገባሽ!»

አልሰማችውም። ክንዱን በክንዷ ቆልፋ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ዓባይነህ ሳቁ አመለጠው፤ ካሜራው ቀጭ አለ።

ተያይዘው ሄደው ትንሿ ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ከረባቱ ጠሟል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ዓባይነህ በዕድሜው እንዲህ ያማረ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ባለሙያ ነውና ወዲያው ሌላም ነገር አየ። ፀጉሯ ከአገጩ፣ ጉንጯ ከደረቱ ጋር ተጣብቋል፤ እሷን ቆርጦ እሱን ብቻውን ማስቀረት አይቻልም።

«አበላሸሽው» አለ። «አሁን ይሄ ለለቅሶ ይሆናል?»

«እንዳይሆን ነው የገባሁት» አለች የምስራች ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ሳሎን እሰቅለዋለሁ። ከአጠገብህ እኔን ክሮፕ አድርጎ የሚቆርጥ ወንድ ካለ ይምጣና እናያለን።»

ዓባይነህ ታይመሩን እንደገና ሊሞላ እጁን ሰዶ ነበር፤ መለሰውና ካሜራውን ዘጋ።