እሳቱን ማን ተረከበ?

አባባ ቤቱን ሊያቃጥል ነበር ተብሎ የተፈረደበት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ፈራጇ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ኪኒን በፍሬ ስትቆጥር ስለምትውል ሰውንም በዚያው ዓይን ታየዋለች። አንድ የጎደለ ከመሰላት ከመጀመሪያው ደግማ ትቆጥራለች። የወጥ ቤቱን ግድግዳ አየች፤ ከምድጃው በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ጠቁሯል። ከመጋረጃው የተረፈውን እራፊ አየች። ከዚያ አባባን አየችና «በቃ፣ ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም። እኔ ጋ ትገባለህ» አለች።

ብቻውን እንኳ አይደለም። እኔ አለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ከምሠራበት መነጽር ቤት ፈቃድ ወስጄ ወደ ድሮ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ግን እትዬ «ብቻህን» ስትል ብዙም አልተሳሳተችም። በዚያ ሰሞን ከቤቱ ዕቃ የምለየው በመብላቴ ብቻ ነበር፤ እሱንም አባባ ሲያስታውሰኝ ነው። አላለቀስኩም። ሰዉ ሁሉ «ጠንካራ ናት» አለ። የምን ጥንካሬ! ጥርስ ሐኪም ቤት ደንዝዞ የተመለሰ ሰው ከንፈሩን ሲነካ የሌላ ሰው ከንፈር የነካ ይመስለዋል። እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር።

አባባ በጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የእንፋሎት ቦይለር ሠራተኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «አትንኩ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። እና እትዬ እንደዚያ ስትለው ደሙ ፈላ።

«ይሄን ቤት የሚያክል ቦይለር ሠላሳ አንድ ዓመት ይዣለሁ። የአንድ ሰው ፀጉር አልተለበለበም!»

«እሱ ድሮ ነው፣ አባባ።»

«እጄ ያው እጄ ነው።»

«እንግዲያው አሳየኛ!» አለችና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ካርቶን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው። ልጇ የምህንድስና ተማሪ ናት፤ ከመንፈቅ በፊት ለአያቷ የሰጠችው ስጦታ ነው፣ ሳይከፈት አቧራ ለብሷል። ውስጡ ተገጣጥማ በሙቅ አየር የምትሠራ፣ መዳፍ የምታክል ሞተር አለች። «ይቺን በወረቀቷ መሠረት ገጥመህ፣ ምንም ሳታቃጥል እፊቴ አስነሳት። ያኔ እዚሁ ቤትህ ትቀመጣለህ። ካልሆነ የዛሬ ሳምንት ባሌ መኪና ይዞ ይመጣል፣ አልጋህን እንጭናለን።»

በንዴት የወጣ ቃል ነው። ግን እትዬ የተናገረችውን አታጥፍም። አባባም ከዚህ ቤት ከወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሰው ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ያልቃል። አውቃለሁ፣ ግን አልተሰማኝም።

እሑድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ስበን ካርቶኑን ከፈትነው። የእንጨት መደብ፣ የብርጭቆ ቱቦ፣ የነሐስ ሲሊንደር፣ ሁለት ፒስተን፣ መንኮራኩር፣ ምስማር የሚያካክሉ ዘንጎች፣ ሰሊጥ የሚያካክሉ ብሎኖች፣ አንዲት ትንሽ የአልኮል ኩራዝ ከነክዳኗ። አባባ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ሁሉንም በየተራ ደረደራቸው። መመሪያው ደቂቅ ፊደል ስለሆነ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይገጥማል።

«ውሃው የት ነው የሚገባው?» አለ።

«ውሃ የላትም። አየር ብቻ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በዚያ ነው የምትዞረው።»

«ውሃ የሌለው ቦይለር!» አለና ሳቀ። እናቴ ብትኖር እሷም ትስቅ ነበር። እኔ ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ።

እስከ ሐሙስ በካቻቪቴና በትዕግሥት ገጠማት። አንደኛው ፒስተን ብርጭቆው ውስጥ ግድግዳ ሳይነካ የሚመላለስ ነው። ሁለተኛው ነሐሱ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ነው። ሁለቱ እኩል እንዳይሄዱ፣ አንዱ ከሌላው በሩብ ዙር መቅደም አለበት። እሱን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። ብርጭቆውን እኔ ወለወልኩት፤ ሌንስ የሚሞርድ ሰው የጣት አሻራ ብርጭቆ ላይ አይቶ አያልፍም። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ ባልኖርም ይሠራል።

ሐሙስ ለሙከራ ጀመርናት። አባባ ከወረቀቱ በላይ ጥንቁቅ ነው። ሥሯ የብረት ትሪ አደረገ። ኩራዟን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሞላ፣ የፈሰሰች ጠብታ ጠረገ፣ ጨርቁን ከጠረጴዛው አነሳ፣ የአልኮሉን ጠርሙስ ሌላ ክፍል ወስዶ አስቀመጠ። ፀጉሬን አስጠቀለለኝ። ሁለታችንም የዓይን መከላከያ መነጽር አደረግን። ከዚያ ለኮሰ። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ መንኮራኩሯን በጣቱ ገፋ አደረጋት።

ሦስት ጊዜ ዞራ ቆመች።

ደግሞ ገፋት። ሁለት ጊዜ ዞራ ቆመች። ስትቆም ዝም ብሎ አያሞቃትም፤ ወዲያው ክዳኑን ደፍቶ እሳቱን አጠፋ። ፊቱን አየሁት። ሽማግሌ ሆኖ ነበር።

ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። ነሐሱ አፍ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ነገር ያብረቀርቃል።

«አባባ፣ ፒስተኑን ዘይት ቀባኸው?»

«ታዲያ ደረቅ ብረት ላስኬድ?»

«የመንኮራኩሯ ኩሽኔታ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ፒስተኑ ግን ዘይት እንዳይነካው ይላል። ዘይቱ ይይዘዋል። ማክሰኞ አንብቤልሃለሁ።»

መዳፉን ገልብጦ አየው። «ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ ግን አልሰማም።»

ልናጸዳት ፈልገን ነበር፣ ግን ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ አይነካም። አባባ ከወንበሩ አልተነሳም። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አልተነሳም። አንዳንዴ የእጁን ጀርባ ወደ ብርጭቆው ጠጋ ያደርግና ሳይነካው ይመልሳል። የቦይለር ቤት ሕግ ነው፤ ትኩስ ነገር ጥሎ አይኬድም። የሚሄድ ሰው «ተረከብ» ይላል፤ የሚቀበለው እሳቱን አይቶ፣ የግፊት መለኪያውን አይቶ፣ «ተረከብኩ» ይላል። ያቺ ቃል ካልወጣች ፈረቃህ ቢያልቅም ከቦታህ ንቅንቅ የለም። ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም። «እሺ» አይቆጠርም። ይህንኑ ሕግ ቤት ድረስ ይዞብን መጣ። ድስት ጥዶ ሲወጣ «ተረከቢ!» ይላል፤ እናቴ «ተረከብኩ፣ አንተ ከነቦይለርህ!» ትለዋለች። እኛ በሳቅ እንሞታለን።

እዚህ ላይ ለእትዬ ያልነገርኳትን ልናገር።

እሳቱ የተነሳ ቀን እኔ ሳሎን ተቀምጬ ግድግዳ አይ ነበር። አባባ ከወጥ ቤት «ድንች ጥጃለሁ፤ ዳቦ ልገዛ ነው፣ ተረከቢ!» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ሰምቼዋለሁ። አላመለጠኝም። እሺ ብዬ ግድግዳውን ማየቴን ቀጠልኩ። ውሃው አለቀ፣ ድስቱ ነደደ፣ ምድጃው አጠገብ የተሰቀለው ፎጣ ተያያዘ፣ ከዚያ መጋረጃው። ጭሱ በአናቴ ላይ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። አባባ ዳቦውን ጥሎ ገባ፤ መጀመሪያ እኔን በክንዴ ጎትቶ አወጣ፣ ከዚያ ጋዙን ዘጋ፣ ከዚያ እርጥብ ብርድ ልብስ ጣለበት። እትዬ መጥታ «ማነው?» ስትል «እኔ ነኝ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩ። ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፍርሃትም አልነበረኝም። አፌን መክፈት ብቻ ከበደኝ።

ሞተሯ ስትቀዘቅዝ ፈታናት፣ ፒስተኑንና ነሐሱን በሌንስ ጨርቅ ፍጹም ደረቅ እስኪሆኑ ወለወልኳቸው። ዓርብ መልሰን ገጠምናት። አባባ ደግሞ ሊሞክራት አልፈለገም። «ነገ ወይ ታኩራኝ ወይ ታዋርደኝ» አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ባሏ ውጭ ነው፤ መኪናው ላይ የአልጋ ማሰሪያ ገመድ ይዟል። አባባ የሚያደርገውን ሁሉ ጮክ ብሎ እየተናገረ አደረገ። ትሪ። ሁለት ሦስተኛ። ጠብታ ጠረግኩ። ጠርሙሱን አርቄያለሁ። መነጽር። እትዬም ሳትወድ በግዷ መነጽር አደረገች። ለኮሰ። አንድ ደቂቃ ቆጠረ። ገፋ።

ዞረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። የመንኮራኩሯ ዘንጎች ጠፍተው አንድ ወጥ ክብ ሆነች፤ ትክትክትክ ትላለች።

እትዬ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «ዞረች» አለች። ድምጿ ለሰስ ብሎ ነበር፣ መልሳ አጠነከረችው። «መዞሯ አይደለም ጉዳዩ። ያንለትም እሳቱን መለኮስ አቅቶህ አይደለም። ጥለኸው ነው የሄድከው።»

ወዲያው ባሏ ከውጭ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ። የግቢው የመኪና በር አልከፈት ብሎታል። ያ በር ከሥሩ ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም፤ አመሉን የሚያውቀው አባባ ብቻ ነው። ደግሞ ነፋ።

አባባ ተነሳ። የኩራዟ ክዳን እጁ ውስጥ ነበረች፤ ሊያጠፋት ይችል ነበር። አላጠፋትም። ወደ እኔ ዞረ።

«ተረከቢ» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

አልተንቀሳቀሰም። ጥሩንባው ጮኸ። አባባ ክዳኗን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል፤ አልተቆጣም፣ ብቻ አይሄድም። እትዬ «ኧረ እሺ አለችህ እኮ፣ ሂድ!» አለችው። የሰማት አይመስልም።

እሳቱን አየሁት። ጫፏ ሰማያዊ ነው። ብርጭቆውን አየሁ፣ ትሪውን አየሁ፣ ከዚያ የእሱን እጅ። ቀኝ አይበሉባው ላይ የተላጠ ቀይ ቦታ አለ፤ ከመጋረጃው ያገኘው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ እጅ ጎን ተቀምጬ አላየሁትም። አመመኝ።

«ተረከብኩ» አልኩ።

ክዳኗን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

እትዬና እኔ ከሞተሯ ጋር ቀረን። ዓይኔን ከእሳቱ ሳላነሳ «እትዬ» አልኳት፤ «ያንለት እሳቱን እኔ ነበርኩ የተቀበልኩት። ተረከቢ አለኝ፣ እሺ አልኩት። ተቀምጬ አየሁት። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ሳምንት ሙሉ?» አለች። «ሳምንት ሙሉ ስሰድበው እያየሽ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። እውነቴን ነው።

አባባ እጁን እያራገፈ ሲመለስ አፈጠጠችበት። «እሷ ጋ ነው ትቼው የሄድኩት ብትል ምን ነበረበት?»

ተያየን። መናገሬን ከፊቴ አወቀ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ቃሉን ሳልሰማ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሺ አይቆጠርም። ቃሉን ሳይሰማ የሄደ ሰው፣ እሳቱ የራሱ ነው።»

«ታዲያ አንተ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ሳትሰማ ፈቅ ብለህ የማታውቅ ሰው፣ ያንለት ምን ነካህ?»

አባባ ሞተሯን አየ።

«እናታችሁ ከሞተች ጀምሮ የዚችን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር» አለ። «ስጠይቃት ራሷን ነበር የምትነቀንቀው። ያንለት ስጠራት፣ እሺ አለችኝ። ድምፅ አውጥታ። ደስ አለኝ። በደስታዬ ሕጉም ጠፋኝ፣ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፣ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች። «ገመዱን ጠቅልለው» አለችው። «የምንጭነው ዕቃ የለም። አዎ። ገብተህ ቁርስ ብላ።»

ያኔ መጣብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልመጣው በአንድ ጊዜ፣ ከሆዴ፣ በድምፅ መጣ። እናቴ ሞታለች። ሮጬ ክፍሌ ልገባ ፈለግኩ። አባባ እጁን ዘረጋልኝ፤ «አምጪው፣ እኔ ልረከብሽ» አለኝ።

ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩና ክዳኗን ጨበጥኳት። አልኮሉ ገና አላለቀም ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ዓይኔን ግን ከእሳቱ ላይ አላነሳሁም።