ሰማያዊ ይሁንልኝ

«ወንበር ጨምሩ እንጂ፣ ሰው ቆሟል!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል።

ታናሹ ተነሳ። ማንም ስሙን አልጠራም፤ ማንም በጣቱ አልጠቆመውም። የሚነሳው እሱ እንደሆነ ግን እሱም ያውቃል፣ የተቀመጡትም ያውቃሉ። በገዛ ወንድሙ ለቅሶ፣ በገዛ ወንድሙ ሳሎን፣ ወንበሩን ለማያውቀው ሰው ለቀቀና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመኪና ወንበር ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። የሌላውን ሰው መቀመጫ ሲያሳምር ኖሮ ዛሬ የራሱ ጠፋ። ኮሌታው ላይ እንደ ልማዱ መርፌ ተሰክቷል፤ ለለቅሶ ሲለባብስ ማውጣቱን ረስቶታል።

ወንበሩን የወሰደው ሰውዬ ቀና ብሎ አየው።

«የሟች ምን ነዎት?»

«ወንድሙ ነኝ።»

«እንዴ! አይመስሉም።»

ይሄንንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው። ታናሹ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፤ አንዱንም አልጣለም።

በመስኮቱ ሥር ጡረታ የወጡ ሾፌሮች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ሟቹ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራተኞች አውቶቡስ ሲነዳ አብረውት የኖሩ ናቸው። በዕድሜ የሚበልጣቸው ሽማግሌ ሾፌር ከፔርሙስ የተቀዳለትን ቡና እየጠጣ ያወራል።

«‹ጥሩምባ› ብለን ስም ያወጣንለት ለምን መሰላችሁ? ጥሩምባ ነፍቶ ስለማያውቅ ነዋ! አንድ ቀን ውሻ መንገድ መሃል ተኝቷል። እኛ ከኋላ ሆነን ‹ንፋበት እንጂ!› እንለዋለን። እሱ ሆዬ ሞተር አጥፍቶ ወረደና ውሻውን ቀሰቀሰው።»

ሳቁ። ከዚያ ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸው።

«ታክሱ ነው የገደለው» አለ አንዱ ድምፁን ቀንሶ።

«ልቡ ነው አሉ እንጂ።»

«ልቡን ታዲያ ማን ነካው? የጡረታውን ገንዘብ ሰብስቦ ሙሉውን ከፈለ። በአራት ወር እናስረክብሃለን አሉት። በአሥራ አራት ወሩ መኪናው መጣ፣ ታክሱም አብሮ መጣ። ያዘገየው ድርጅቱ፣ የጨመረው መንግሥት፣ ክፈል የተባለው እሱ!»

«ውሉ ላይ ፈርሟላ።»

«አንተ ፈርመህ አታውቅም? ምን እንደሚል አንብበህ ታውቃለህ?»

«እኔማ ሚስቴንም ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አለ ሽማግሌው ሾፌር፤ ግን የሚስቅለት አጣ።

ታናሹ ወደ ውጭ ወጣ። ታክስ የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ይወጣል።

*

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የወንድሙ ሚስት ወደ ጓዳ ጠራችው። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ላይ የታጠፈ ደብዳቤ ይዛለች።

«አንብብልኝ። መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ።»

ታናሹ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመው። አባታቸው «ከቤቱ አንድ የተማረ ይበቃል» ብሎ እሱን ወደ ስፌት ቤት፣ ታላቁን ወደ ትምህርት ቤት ላከ። የተማረው ሾፌር ሆነ፤ ያልተማረው የሾፌር ወንበር ሰፊ ሆነ። አባታቸው ይቺን ሳያይ ሞተ እንጂ ባያት ጥሩ ነበር።

ቃል በቃል እየነጠለ አነበበላት። ድርጅቱ ቅሬታውን መርምሯል። ታክሱ ከመጨመሩ በፊት የገባው ጭነት ሁሉም ነጭ ነበር። ገዢው ነጭ አዝዘው የነበረ ሲሆን፣ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ሰማያዊ ስላስቀየሩ ትእዛዛቸው ወደ ሁለተኛው ጭነት ተዛውሯል። መዘግየቱ በገዢው ምክንያት ስለሆነ ጭማሪውን የሚከፍሉት ገዢው ናቸው። «ቀለም መቀየር ወረፋዬን እንደማይነካ ሻጩ በቃል ነግሮኛል» ቢሉም ምስክር ማቅረብ አልቻሉም። እስከ ነገ ድረስ ጭማሪውን ካልከፈሉ፣ የከፈሉት ገንዘብ ያለ ወለድ ተመልሶ ትእዛዙ ይሰረዛል።

«ነገ?» አለች።

«ነገ ይላል።»

«ጭማሪው ይሄን ቤት ብሸጥም አይሞላም። የሚመልሱት ገንዘብ ደግሞ ዛሬ የመኪና ግማሽ አይገዛም።» ደብዳቤውን ተቀብላ በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው። «ቀለሙን ያስቀየረ ቀን አብረኸው ነበርክ አይደል? ሻጩ ሲናገር ሰምተሃል?»

«እኔ… በር ላይ ነበርኩ እትዬ። ዕቃ ይዤ።»

«አልሰማህም?»

«ከሩቅ ነበርኩ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አምናዋለች። ብትጠራጠረው ይሻለው ነበር።

*

በር ላይ አልነበረም። ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ለዕይታ በቆመችው መኪና ውስጥ ተንበርክኮ ነበር።

የዚያን ቀን መኪናዎቹ ወደሚታዩበት አዳራሽ አብረው የሄዱት ወንበሩን ሊለካ ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል። «ጋሼ፣ ልብሱን ከአሁኑ እሰፋልህና መኪናው ሲመጣ ማልበስ ብቻ ይሆናል» ብሎት ነበር። ስድስት ወር ቆጥቦ አንድ ጥቅል ጥቁር ሰማያዊ ቆዳ ገዝቷል፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቆዳ ለማንም ሰፍቶ አያውቅም። ለወንድሙ በስጦታ ሊሰጠው ነው። ተቆርጦ ሁሉ ነበር።

ከመኪናዋ ውስጥ ሆኖ ዙሪያውን አየ። ነጭ።

«ጋሼ፣ ነጭ ነው እንዴ ያዘዝከው?»

«ነጭ ምን አለው?»

«በነጭ መኪና ውስጥ ሰማያዊ ወንበር? የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የሚመስለው!»

ታላቁ ሳቀ። ወደ ሻጩ ዞረ፤ ክራቫቱ የጠበቀበት ቀጭን ወጣት። «ልጄ፣ እንግዲያው ሰማያዊ ይሁንልኝ። ወረፋዬን ያበላሽብኛል?»

«ኧረ በፍጹም አባቴ። ቀለም ብቻ ከሆነ ወረፋ አይነካም። አንድ ቃል ሰርዞ አንድ ቃል መጻፍ ነው።»

ታናሹ ሜትሩን እንደዘረጋ ይህንን ቃል በቃል ሰምቷል። ቀጥሎ የመጣውንም ሰምቷል። አንድ ኮት የለበሰ አለቃ መጥቶ «መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ማነው?» ሲል፣ ወንድሙ «ሰፊዬ ነው» አለ።

ወንድሜ አላለም። ሰፊዬ አለ። እንደ ጫማ ጠራጊዬ፣ እንደ ዘበኛዬ።

አለቃው የወንድሙን እጅ ጨብጦ ሄደ። ወደ ሰፊው አላየም። ታናሹ ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ታላቁም የሥራ ሐሳብ ይዞት ነው ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ነበር ጥሩምባ፤ የሰው ፊት ማንበብ ላይ ከስድስተኛ ክፍል በታች ነው።

ልብሱን ግን ሰፋው፤ ቆዳው ተቆርጧልና ምን ይደረጋል። የራስ መደገፊያው ላይ በነጭ ክር «ጥሩምባ» ብሎ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ሲጨርስ ያ ቃል ትዝ አለው። ሰፊዬ። ምላጭ አነሳና አራቱንም ፊደላት ፈታቸው። ጨርቅ ቢሆን በእንፋሎት ይደፈናል። ቆዳ ግን መርፌ አንዴ ከገባበት ገባበት ነው፤ ክሩ ቢወጣም ቀዳዳው ቀረ።

*

የዛሬ ሦስት ሳምንት ታላቁ በእግሩ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣ። እንደ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ማሽኑ ድምፁን እስኪያቆም ጠበቀ።

«ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቅሬታ ሰሚው ይቀመጣል። አንተ ሰምተሃል፣ ሻጩ እንዲያ ሲለኝ። መጥተህ አንድ ቃል ብትናገርልኝ…»

ታናሹ ቀና አላለም። «ሥራ አለብኝ ጋሼ። ሰፊ መቼም ሥራ ይበዛበታል።»

«ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ሌላ ሰው ውሰድ። ወንድም የሚባል ነገር ካለህ።»

አወቀ ይሆን? አላወቀም። ቆም ብሎ የማሽኑን መርገጫ አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች አየ። «እሺ፤ ሥራ ካለህ ምን ይደረጋል» አለ። «ልብሱ አለ አይደል? አይጥ እንዳይበላው።»

ማክሰኞ ብቻውን ሄደ። ማን ሰምቷል ሲሉት «ማንም» አላቸው። ይህንን የነገረችው ሚስትየዋ ናት፤ «ማንም ማለቱ ይገርመኛል፣ ሰው ማስቸገር አይወድም» ብላ። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤው የሚለውን ነገሩት። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጫማውን ሲያስር ወደቀ።

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሳሎኑ ሲሳሳ አንድ ክራቫት ያደረገ ወጣት ገባ። ታናሹ ገና ከበሩ አወቀው። ሻጩ ነው። ከስቷል። «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ብሎ ጥጉ ላይ ተቀመጠ፤ ታናሹ አጠገቡ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ የያዘውን ነገር አወጣው።

«እኔ ሰምቻለሁ። ‹ወረፋ አይነካም› ስትል። መኪናው ውስጥ ነበርኩ።»

ሻጩ አየው። «አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ ሄጄ እመሰክራለሁ። አሁኑኑ እንሂድ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው ይላል።»

«የመክፈያው ነው እንጂ የምስክሩ አይደለም። ፋይሉ ማክሰኞ ዕለት ተዘግቷል። ማንም አይከፍተውም።»

«አንተስ? አንተ አላልኩም አልክ?»

ሻጩ የቡና ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ። «‹አላስታውስም› አልኩ። አለቃዬ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እርስዎ ቢመጡ ኖሮ አስታውስ ነበር። በልጆቼ ልማልልዎ፣ እርስዎ ቢጀምሩ አስታውስ ነበር። ብቻዬን ማስታወስ አቃተኝ።»

እንደ ታናሹ ያለ ሰው የሚለው ሲጠፋው የቆየ ቁስል ፈልጎ ነው የሚያወራው።

«ለነገሩ እኔ ምን አገባኝ። እኔ ሰፊው ነኝ። ወንድሜ ነው እንኳ አላለም።»

«ይሄንን ነው እንዴ የያዙት?» ሻጩ ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ ነኝ እንደዚያ እንዲሉ የነገርኳቸው። ለዕይታ የቆመ መኪና ውስጥ ቤተሰብ አይገባም። የሚፈቀደው ለባለሙያ ብቻ ነው። ለብቻቸው ወስጄ ‹አለቃዬ ከጠየቀዎት ሰፊዬ ነው ይበሉ› አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ቅር ብሏቸው፣ ‹ወንድሜን? ይቀየመኛል› ሲሉ፣ ‹አይቀየሙም፣ ምን የሚያስቀይም ነገር አለው› ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላቸው ፔርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሚስትየዋ ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ታናሹ አላወቀም፤ ፊቷን ሲያይ ግን አወቀ።

«በር ላይ ነበርኩ አላልክም?» አለችው።

አልጮኸችም። ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ያገኝ ነበር።

«እትዬ…»

«ተወው።» ወደ ሻጩ ዞረች። «ወረቀቱን ይዘኸው መጥተሃል መሰለኝ። ስጠኝ፣ ልፈርም።»

ሻጩ እያፈረ ከኪሱ አወጣው። እንዳትንገላታ ብሎ ነው ይዞላት የመጣው፤ ከድርጅቱ ያገኘችው ደግነት ይቺ ብቻ ናት። ትእዛዙ እንዲሰረዝ የተስማማች መሆኗን የሚገልጽ አንድ ገጽ ነው። ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ያለ መነጽር፣ ጣቱን ባስቀመጠላት ቦታ ፈረመች። ሽማግሌው ሾፌር ከማዶ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰማያዊዋ መኪና ሌላ ሰው በር ላይ ትቆማለች፤ ታክሷን መክፈል የሚችል ሰው በር ላይ።

ሻጩ ከሄደ በኋላ ሚስትየዋ ታናሹን ሳታየው ተናገረች።

«ያንን ልብስ አምጣው። ሁልጊዜ ስለሱ ያወራ ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ ነገሩ ይኑር።»

ሄዶ አመጣው። ከአልጋው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አይጥ ሳይነካው ተቀምጧል። ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋው፤ የአምስት ሰው መቀመጫ ሰማያዊ ቆዳ፣ ያለ መኪና። በልክ የተሰፋ ነገር ነው፤ ከዚያች መኪና በቀር የሚገባበት የለም። ሾፌሮቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ አዩት። አንዱም ቀልድ አልመጣለትም።

ሚስትየዋ የራስ መደገፊያውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። እጇ ቆዳውን ሲዳብስ ቆም አለ። ተመልሶ ሄደ። እንደገና ቆመ። መነጽር አላደረገችም፤ በጣቷ ጫፍ ነው ያገኘችው። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በዝግታ እየሄደች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አራተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ እጇ እዚያው ቀረ።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ ነኝ።»

የራስ መደገፊያውን አልሰጠችውም፤ አልከለከለችውምም። ጭኗ ላይ እንዳለ እጇን ብቻ አነሳች።

ታናሹ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ከኮሌታው መርፌውን ነቀለ። ከኪሱ ነጭ ክር አውጥቶ ጫፉን በከንፈሩ አረጠበ፤ ሦስት ጊዜ ሳተው፣ በአራተኛው ገባለት። የመጀመሪያውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ፈለገና መርፌውን አስጠጋው። ሳይገፋው ገባ።