የተሰፋው ቅድ

አዋላጅዋ ዘሪቱ ከማዋለጃ ክፍል የአዳር ተረኝነት ወጥታ ቤቷ ስትገባ እግሯ አብጦ ነበር። እንደ ልቧ ቢሆን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በተኛች። ነገር ግን አብራት ስትሠራ የቆየችው ዶክተር ሊን ዛሬ ወደ ቻይና ትመለሳለች፤ ዘሪቱም ሰማያዊውን የሐር ቀሚስ ለብሳ ልትሸኛት ቃል ገብታለች።

ቀሚሱ የዶክተሯ እናት ልብስ ነበር። «እኔ ወፈርኩ፣ አይገባም። አንቺ ልበሽ። አንድ ቀን ለብሰሽው ስትሄጂ ልየው» ብላ ነበር ዶክተር ሊን ስትሰጣት።

አለባበሱ ራሱ ሥራ ነው። ከጨርቅ የተቋጠሩት ቁልፎች ከአንገት ተነሥተው ደረትን አግድም አቋርጠው በብብት ሥር ይወርዳሉ። የቆመው አንገትጌ አገጭ አያስደፋም። ሆኖም ዘሪቱ በመስኮቱ መስታወት ራሷን ስታይ፣ ሌሊቱን አጎንብሳ ያደረችው ሴት የለችም። ደስ አላት።

አንድ እርምጃ ስትራመድ ግን ልትደፋ ምንም አልቀራት። ለመራመጃ የተተወው የቀሚሱ የግራና የቀኝ ጎን ቅድ እስከ ታች ተሰፍቷል።

«እትዬ! ምን አደረግሽው?»

ታላቅ እህቷ አስቻለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ፣ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለች። «ተቀዶ አገኘሁትና ጠገንኩልሽ።»

«ሲሠራም እንዲያ ነው!»

«ምነው፣ ቻይና ጨርቅ አጥሯታል? ጉልበትሽን ለአገሩ ሁሉ ልታሳዪ! ነይ፣ አውሮፕላኑ እየመጣ ነው።»

ዘሪቱ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። እግሯ እንደታሰረ ዶሮ እየተንገዳገደች ተከተለቻት። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ዳር ሲደርሱ፣ እዚያ የሚግጡት ከብቶች ተባረው፣ አውሮፕላኑ አርፎ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር የስንብት ንግግሩን ጨርሷል። በወዲያኛው ጫፍ ዶክተር ሊን እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ከአውሮፕላኑ መሰላል ሥር ቆማ በዓይኗ ሰው ትፈልጋለች።

ዘሪቱ ቆመች። «በቃኝ እትዬ፤ አልደርስም። አንቺ ሰላም በያት።»

አስቻለች የእህቷን ፊት አየች፤ ዶክተሯን አየች። ከዚያ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ቅዱን የሰፋችበትን ክር በጥርሷ ትበጥስ ጀመር።

«አስቻለች፣ ምን እየበላሽ ነው?» አለች ለሽኝት ከመጡት መዘምራን አንዷ።

«የገዛ ስፌቴን!» ክሩን ተፋች። «ደግሞ አጥብቄ ሰፍቼው!»

ሁለቱም ጎን ሲፈታ ዘሪቱ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። አልሮጠችም፤ አንገትጌው አያስሮጥም። ነፋሱ ሐሩን ከጉልበቷ በታች ገለጥ መለስ ያደርገዋል። ዶክተር ሊን እጇን ከግንባሯ አወረደች፤ ዓይኗን ግን ከቀሚሱ ላይ አልነቀለችም።

ዘሪቱ ስትደርስ፣ ዶክተሯ በጥድፊያ ሳይቆለፍ የቀረውን የብብቷን ቁልፍ ለልጅ እንደሚደረገው አስገባችላት።

«አየሁት» አለች። «አሁን ሂጂ ተኚ።»